ሬቪያሂሄዶ ላይ ሲጠልቁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሜክሲኮ ሬቪያሂሄዶ ደሴቶች ከካቦ ሳን ሉካስ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ፤ በመርከብ አንድ ቀን ገደማ ይፈጃል። እዚያ የተረሳ ዕቃ መግዣ ስለሌለ ትርፍ ኦሪንግ (አየር እንዳያፈስ የሚያደርግ የጎማ ቀለበት)፣ የመነጽር ማሰሪያና የሬጉሌተር (የመተንፈሻ መሣሪያ) አፍ መያዣ ከቤት ይያዙ።

ማንታን ማሳደድ

ማንታ የተባለውን ግዙፍ ጠፍጣፋ ዓሣ ተከትሎ መዋኘት ጉዞውን የሚያበላሸው ትልቁ ስህተት ነው። ክላሪዮን ኤንጀልፊሽ የተባለው ብርቱካናማ ዓሣ ከእነዚህ ደሴቶች ውጭ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው። ሳን ቤኔዲክቶ ደሴት አጠገብ፣ ጫፉ ከውሃው ወለል 6 ሜትር ያህል ዝቅ ባለው ኤል ቦይለር ዓለት ላይ፣ ግዙፉ ማንታ ቀስ ብሎ ሲመጣ ዓሦቹ ተከታትለው ይወጡና ከቆዳው ጥገኛ ተውሳክ ይለቅማሉ። ጠላቂ ዓለቱ ጫፍ ላይ ከተቀመጠ ዓሦቹ አይወጡም፤ ማንታውም ዞሮ ይሄዳል። ስለዚህ ከዓለቱ ጎን፣ ቢያንስ 3 ሜትር ርቀው፣ መንገዱን ሳይዘጉ ባሉበት ይንሳፈፉ። ራሱ ይመጣል። ሲመጣም አይንኩት፤ እጅ ከበሽታ የሚጠብቀውን የሚያሙለጨልጭ ሽፋን ይገፍፍበታል።

ናይትሮክስን ሳይለኩ መጥለቅ

ናይትሮክስ ኦክስጅኑ ከተለመደው አየር የበዛ የመተንፈሻ ጋዝ ነው፤ «32 ነው» ስለተባለ ብቻ አይመኑ። 32 በመቶ ኦክስጅን፣ የኦክስጅን ግፊት ወሰኑ 1.4 ባር ሲሆን፣ እስከ 33 ሜትር ያስኬዳል፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው 36 ከሆነ ግን ወሰኑ ወደ 28 ሜትር ይወርዳል። ከደሴቶቹ አንዷ የሆነችው ሮካ ፓርቲዳ ደግሞ ቀጥ ያለ ገደል ናት፤ ዓይን ሻርክ ላይ ሲተከል ሳይታወቅ ይሰመጣል። እያንዳንዱን ሲሊንደር ራስዎ ይለኩ።

የምልክት ፊኛን ከሰውነት ጋር ማሰር

ውሃው ገፍቶ ከወሰደዎ በማዕበል መካከል ጭንቅላትዎ ከጀልባ አይታይም፤ 1.8 ሜትር የሚረዝም ፊኛ ግን ይታያል። ከ5 ሜትር ላይ ይልቀቁት። የገመዱን መጠቅለያ በእጅ ይያዙ እንጂ መንሳፈፊያ ጃኬትዎ ላይ አይቆልፉት፤ ገመዱ ከተወሳሰበ ፊኛው እርስዎንም ይዞ ሽቅብ ይወጣል።

ስስ ልብስ

የካቲትና መጋቢት ላይ ውሃው ወደ 21 ዲግሪ ይወርዳል። በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ለሚጠልቅ ሰው 3 ሚሊ ሜትር አይበቃም፤ 5 ሚሊ ሜትር ከራስ መሸፈኛ ጋር ይያዙ። ልብሱ ሲወፍር ለክብደት የሚታጠቁት እርሳስም ይጨምራል፤ በመጀመሪያው ቀን ሲሊንደሩ ውስጥ 50 ባር ሲቀርዎ፣ ጃኬቱን ባዶ አድርገው 5 ሜትር ላይ መቆየት መቻልዎን ይፈትሹ።

የበረራ ሰዓት

ለመጨረሻ ጊዜ ከጠለቁ በኋላ አውሮፕላን ከመሳፈርዎ በፊት 24 ሰዓት ይቆዩ። መርከቡ የሚመለስበት ጊዜ አብሮ ይቆጠራል።