የ1970ዎቹን የቤት ካሴት ከነድምፁ ማዳን

ሽፋኑ ላይ በቢክ «ሠርግ» ወይም «ልዩ ልዩ» ተብሎ የተጻፈበት ካሴት ከአልጋ ሥር በካርቶን ያስቀመጠ ቤት ብዙ ነው። የሸክላ ሙዚቃ በ1960ዎቹ ማብቂያ እየቆመ ሲሄድ ቦታውን የያዘው ካሴት ነበር። የደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ሰውን በጊዜ ቤቱ ያስገባው ስለነበር፣ የሚጨፈረውም የሚቀዳውም ቤት ውስጥ ነው። ባዶ ካሴት ሙዚቃ ቤት ወስዶ ማስቀዳት፣ ሬዲዮ አጠገብ ቴፕ አስቀምጦ መጠበቅ፣ ሠርግና ክርስትና መቅዳት፣ ደብዳቤ መጻፍ ለማይችል ወላጅ ድምፁን ቀድቶ ውጭ አገር ላለው ልጅ በሰው እጅ መላክ የዘመኑ ኑሮ ነበር።

ዘፈኑን ዛሬ ዩቲዩብ ላይ ታገኙታላችሁ። ዘፈኑ መሀል የገባውን የአያት ምርቃት፣ የሸክላ ድስት ክዳን ኳኳታ፣ «ዝም በሉ፣ እየቀዳ ነው» የሚለውን ድምፅ ግን የትም አታገኙትም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚሠራው ካሴቱን እንዳለ፣ ከነጓዙ ለማዳን ነው።

ከማጫወት በፊት

ካሴት እንደተገኘ ቴፕ ውስጥ መክተት ትልቁ ስሕተት ነው። አርባ ዓመት የተቀመጠ ካሴት ክሩ ላልቶ፣ ውስጡ ያለችው የሱፍ ቁራጭ ሙጫዋ ደርቆ ወድቃ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ቴፑ በአንድ ደቂቃ ይበላዋል።

መጀመሪያ ጥርሶቹን ስበሩ። ክሩ ከሚታይበት ጠርዝ በተቃራኒ፣ በካሴቱ ጀርባ ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ። ክሩ የሚታይበት ጠርዝ ወደ ታች፣ ጎን ሀ ወደ እናንተ ሆኖ ሲያዝ የግራው ጥርስ የጎን ሀ ጠባቂ ነው። ጥርሱ ከተነቀለ ቴፑ በላዩ ላይ መቅዳት አይችልም፤ የመቅጃው ቁልፍ አልጫን ይላል። በዚያን ጊዜ ባዶ ካሴት ሲጠፋ ሰዎች ቀዳዳውን በወረቀት ወይም በፕላስተር ደፍነው አዲስ ይቀዱበት ነበር። እንዲህ የተደፈነ ካሴት ካገኛችሁ ድፍኑን አውጡ፤ ታሪኩን ግን ማስታወሻ ያዙለት። ከአንድ ጊዜ በላይ የተቀዳበት ካሴት ማለት ነው። የኋለኛው ቅጂ ከፊተኛው ካጠረ፣ የጎኑ መጨረሻ ላይ የቀድሞው ቅጂ ጭራ ይቀራል። ዘፈኑ አልቆ አሥር ደቂቃ ዝም ካለ በኋላ ድንገት የሚመጣው ድምፅ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የሚበልጠው ነው።

ቀጥሎ በባትሪ መብራት መስኮቱን እዩ። የተጠነጠነው ክር ገጹ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው። አታጫውቱት። ብናኙ በቴፑ በኩል ወደሌሎቹ ካሴቶች ይሸጋገራል። ለብቻው ለዩትና ደረቅ ቦታ አቆዩት፤ ለጽዳቱ ሙያው ያለውን ሰው ፈልጉ። ከብርዳማ ወይም እርጥብ ቦታ የመጣ ካሴት ደግሞ ክፍሉን እስኪለምድ ቢያንስ አንድ ቀን ይቆይ።

ንጹሕና ያልተቋረጠ ከሆነ የላላውን ክር ባለስድስት ማዕዘን ቢክ እስክሪብቶ ቀዳዳው ውስጥ አስገብታችሁ በእጅ አጠንጥኑ። የቢኩ ማዕዘኖች ከስድስቱ ጥርሶች ጋር ይገጥማሉ። በኃይል አይሁን። ከበደኝ ካለ ውስጡ የተጣበቀ ነገር አለና ወደ መክፈት እለፉ።

መክፈትና መጠገን

ብዙዎቹ ጥሩ ካሴቶች በአምስት ትናንሽ ብሎኖች የታሰሩ ናቸው። ነጭ ጨርቅ ላይ አጋድሙትና በቀጭን ካቻቢቴ ፍቱ። የላይኛውን ክዳን ቀጥ አድርጋችሁ በዝግታ አንሡ፤ ሳትነኩት በስልክ ፎቶ አንሡት። ማዕዘኖቹ ላይ ያሉት ተሽከርካሪዎችና ከክሩ በላይና በታች የሚነጠፉት ቀጫጭን ፕላስቲኮች ሲዘባረቁ መልሶ መግጠም የሚያስችለው ያ ፎቶ ነው። ብሎን የሌለውና በሙቀት የተጣበቀው ካሴት ቤቱን ሳይሰብሩ አይከፈትም። የማይፈለግ ባለብሎን ካሴት አዘጋጁና ጥቅልሉን ወደዚያ አዛውሩ። የድሮውን ቤት ግን አትጣሉት፤ ጽሑፉ የሚገኘው እሱ ላይ ነው።

አሁን የሱፍ ቁራጯን እዩ። በመሀሉ ቀዳዳ፣ ከክሩ ኋላ፣ ከጥፍር የምታንስ ሱፍ በቀጭን ብረት ላይ ተለጥፋ ትቀመጣለች። ሥራዋ ክሩን ከቴፑ ሄድ (ድምፁን ከክሩ ከሚያነበው ክፍል) ጋር አስጠግቶ መያዝ ነው። ከሌለች ድምፁ ይታፈናል፣ አንዴ ይመጣል አንዴ ይጠፋል። «ይሄ ካሴት ሞቷል» ተብሎ የተጣለ ስንቱ ካሴት ነው ይህችን ብቻ ያጣው! ከሌላ ካሴት ብረቷን ከነሱፏ በወረንጦ ስባችሁ አውጡና ቦታዋ ላይ አስገቡ። ሱፏን ብቻ በሙጫ መለጠፍም ይቻላል፤ ያኔ ግን ሙጫው ጠብታ ያህል ይሁን፣ ሌሊቱን ይደር፣ ከሱፉም አልፎ አይውጣ።

ክሩ ከተበጠሰ፣ ስፋቱ 3.81 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ እጅ ሳይሆን ወረንጦ ያስፈልጋል። ሁለቱን ጫፎች ደራርባችሁ በአዲስ ምላጭ በ45 ዲግሪ ቁረጡ፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ መጋጠሚያ ሲያልፍ ቋ ይላል። ሳታደራርቡና ክፍተት ሳትተዉ አጋጥሟቸው፣ ለካሴት መቀጠያ የተሠራውን ማጣበቂያ ለጥፉበት። ድምፁ ያለው ወደ ውጭ በሚመለከተው ገጽ ላይ ነው፤ ማጣበቂያው ከውስጥ በኩል ባለው ገጽ ይሁን። የቢሮ ስኮች እንዳትጠቀሙ። ሙጫው በጊዜ ብዛት ይፈስና ቀጣዩን ዙር ያጣብቃል፤ ጥገናው ሌላ ብጣሽ ይወልዳል። የተጨማደደውን በጣት ለስለስ አድርጋችሁ አስተካክሉና አጠንጥናችሁ ጥቂት ቀን አቆዩት እንጂ በምንም ዓይነት ሙቀት አትተኩሱት።

የካሴቱን ርዝመትም እወቁ። ሲ-60 በአንድ ጎን 30 ደቂቃ፣ ሲ-90 ደግሞ 45 ደቂቃ ይይዛል። ሲ-120 በጣም ቀጭን ስለሆነ ይለጠጣል፤ እሱን ወዲያ ወዲህ በፍጥነት አታጠንጥኑት።

ቴፑና ቅጂው

በዩኤስቢ የሚሰካው ርካሽ ማጫወቻ ለዚህ አይሆንም፤ ፍጥነቱ ይዋዥቃል። ቺንጊያው የተቀየረለት፣ ከኋላው የድምፅ መውጫ ያለው የቤት ቴፕ ይሻላል። ሄዱንና ከጎማው ጋር ክሩን የሚስበውን ቀጭን የብረት ዘንግ ከ90% ባላነሰ አልኮል በራሰ የጆሮ ጥጥ ጥረጉ፤ ጥጡ ቡናማ መሆኑን እስኪያቆም ደጋግሙ። ጎማውን አልኮል ስለሚያደርቀው ጥቂት ሳሙና ባለው ውኃ አጽዱትና በደንብ ይድረቅ። ከዚያ በማትሳሱለት ካሴት ሁለቱንም ጎን ሞክሩ። ጠንከር ያለውን ካሴት ከመቅዳታችሁ በፊት አንዴ እስከ መጨረሻ፣ አንዴ ወደ መጀመሪያ አጠንጥኑት፤ ለዓመታት የተጣበቀው ዙር ይላቀቃል።

የዶልቢውን (ሽውታ የሚቀንሰውን) ቁልፍ አጥፉ። የቤት ቴፕና የሙዚቃ ቤት ቅጂ በአብዛኛው ያለሱ የተቀዳ ስለሆነ፣ ካበራችሁት ድምፁን ያደበዝዘዋል። ገመዱን ኮምፒውተሩ ላይ ወደ መስመር መግቢያ ሰኩ፤ የማይክሮፎኑ ቀዳዳ ድምፁን ያስጮኸዋል፣ ያበላሸዋልም። በኦዳሲቲ (ነፃ የድምፅ መቅጃ ሶፍትዌር) 48,000 ኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ስቴሪዮ ምረጡ። እልልታው ሲደርስ ጠቋሚው ከ−6 ዴሲቤል እንዳያልፍ አድርጋችሁ መጠኑን አስተካክሉ። እልልታ ከሁሉ ድምፅ በላይ ይዘላልና በንግግሩ ብቻ አትለኩ። በዚህ ጥራት አንድ ሰዓት ወደ 1 ጊጋባይት ይወስዳል።

አሁን አብዛኛው ሰው የማያውቀው ነገር። እያንዳንዱ ቴፕ ሄዱ በትንሹ ዘንበል ያለ ስለነበር፣ በአንዱ የተቀዳው በሌላው ሲጫወት ጨርቅ የሸፈነው ይመስላል። ከሄዱ ጎን ስፕሪንግ ያላት ትንሽ ብሎን አለች። የነበረችበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉ፤ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማችሁ ሁለቱን ቻናሎች አንድ ላይ አድርጋችሁ፣ በጣም በጥቂቱ ግራና ቀኝ አዙሯት። «ሰ» እና «ጸ» ጥርት የሚሉበት፣ ጸናጽሉ የሚነሣበት አንድ ነጥብ አለ። እዚያ አቁሙ። ለእያንዳንዱ ካሴት እንደገና ይደረጋል፤ በሶፍትዌር የሚመለስ ጉድለት ስላልሆነ ትዕግሥቱ ይገባዋል።

ጎኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳታቋርጡ ቅዱት። ዝምታ ሲመጣ አታቁሙ፤ ጭራው የሚገኘው እዚያ ነው። ሽው የሚለውን ድምፅ አሁን አታጽዱ። የማጽጃው ሶፍትዌር ሽውታውን ሲወስድ ከጓሮ የሚሰማውን ወሬም አብሮ ይወስዳል። መጀመሪያ ያልተነካውን ፋይል በዋቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚይዘው የፋይል ዓይነት) አስቀምጡ፣ ከዚያ በቅጂው ላይ እንደፈለጋችሁ።

ድምፁ ሲቀጥን

አባት የሕፃን ድምፅ ካወጡ፣ ሲቀዳ የቴፑ ድንጋይ ደክሞ ነበር ማለት ነው። ክሩ ዝግ ብሎ ሄዶ የተቀዳው ዛሬ በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ይፈጥናል፣ ይቀጥናልም። ቴፑ ከመብራት ተሰክቶ የተቀዳ ከሆነ ግን ትክክለኛው መለኪያ ቅጂው ውስጥ አለ። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ከሥር የሚሰማው እምምታ 50፣ 100 ወይም 150 ላይ መሆን አለበት። በኦዳሲቲ ዝም ያለ ቦታ መርጣችሁ የድምፅ ስፔክትረሙን በ65,536 መጠን አውጡ። ጉብታው 54 ላይ ከታየ 50ን ለ54 አካፍሉ፤ 0.926 ይሆናል። ፍጥነቱን ከነቃናው በ7.4% ቀንሱ። ከዛሬው ቴፕ የሚመጣ እምምታ እንዳያሳስታችሁ ካሴቱ ቆሞ አሥር ሰከንድ ቀድታችሁ አነጻጽሩ።

ይኸው ዘዴ ሌላም ይናገራል። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው። ያልታወቀ የድምፅ ደብዳቤ 60 እና 120 ላይ እምምታ ካለው ከዚያ መላኩን ጠርጥሩ። በድንጋይ የተቀዳው ላይ እምምታ አይገኝም፤ እዚያ የምታውቁትን ዘፈን ወይም የሬዲዮ ዜና መግቢያ ዜማ ከሌላ ቅጂ ጋር አስተያዩ። ድንጋዩ እየደከመ ሲሄድ ፍጥነቱም አብሮ ስለሚለወጥ በየአምስት ደቂቃው ከፋፍላችሁ ማስተካከል ይኖርባችኋል።

መቼ እንደተቀዳ ማወቅ

ሽፋኑ ላይ ዓመት ከሌለ ከኋላ የሚሰማውን ሬዲዮ ስሙ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም «የጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ ሊቀመንበር» ከተባሉ ከ1969 እስከ 1979 ባለው ውስጥ ነው። «የኢሠፓ ዋና ጸሐፊ» የሚለው ከተጨመረ ፓርቲው (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) ከተመሠረተበት ከመስከረም 1977 በኋላ ነው፤ «ፕሬዚዳንት» ከተባሉ ከመስከረም 1980 ወዲህ። የደርጉ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ከ1968 እስከ 1984 ያገለገለ ነው። በአማርኛ የሚናገረው የአሜሪካ ድምፅ ከሆነ ከ1974/75 (1982 እ.ኤ.አ.) አይቀድምም። ኢትዮጵያ የሴካፋን (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ እግር ኳስ) ዋንጫ በአዲስ አበባ ስታነሣ የሚሰማ ጩኸት ካለ ታኅሣሥ 1980 ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው የተጀመረው በ1971 ስለሆነ ሰው ስለ ዘመቻው ካወራ ከዚያ ወዲህ ፈልጉ።

የፋይሉን ስም ከግምታችሁ ለዩ። ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን እንደተጻፈ፣ ከነስሕተቱ ጻፉ፤ የእናንተን ግምት ለብቻው «በግምት 1974–77» ብላችሁ አስከትሉ። ሽፋኑን፣ ካሴቱን በሁለቱም ጎን፣ ውስጡ የተገኘውን ቁራጭ ወረቀት ፎቶ አንሥታችሁ እዚያው ፎልደር ውስጥ አስገቡ። ሦስት ቅጂ ይኑር፣ አንዱ ሌላ ቤት ይቀመጥ። ዋናውን ካሴት ከድምፅ ማጉያና ከፀሐይ አርቃችሁ አቁሙት እንጂ አታጋድሙት።

የድምፅ ደብዳቤ ለአንድ ሰው የተነገረ ምሥጢር ሊይዝ ስለሚችል፣ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ከመልቀቅ በፊት ተናጋሪውን ወይም ልጆቹን አስፈቅዱ። ከዚያ ድምፆቹን የሚለይ ሰው ፈልጉ። እትዬን ወይም ጋሼን አጠገባችሁ አስቀምጡ፣ ፋይሉን በየአምስት ደቂቃው እያቆማችሁ «ይሄ ማነው የሚስቀው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በስልክ ቅዱና ደቂቃውን ጠቅሳችሁ ከፋይሉ ጎን አስቀምጡት።