«ሲ»ን መጨረሻ ላይ አትደምሯት
ኮምቦልቻ ካምፓስ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ለምትወስዱ፦ ብዙ ማርክ የሚያስቀንሰው ኢንተግሬሽኑ ሳይሆን የ«ሲ»፣ ማለትም ኢንተግሬት ስናደርግ የምትመጣው ቋሚ ቁጥር፣ ቦታ ነው። ደሴ ውስጥ 90 ዲግሪ የሆነ ሻይ 18 ዲግሪ በሆነ ክፍል ይቀዘቅዛል እንበል። ዋናው እኩልታ የሚቀዘቅዝበት ፍጥነት ከሻዩና ከክፍሉ የሙቀት ልዩነት ጋር ተመጣጣኝ ነው ይላል። የሻዩንና የክፍሉን የሙቀት ልዩነት ወደ አንድ ጎን፣ ጊዜን ወደ ሌላው ለይታችሁ ኢንተግሬት አድርጉ። «ሲ»ን እዚያው፣ ሎጋሪዝሙ እንደወጣ ጻፏት። ሎጉን ስታነሱ ማባዣ ትሆናለች፤ ጊዜን ዜሮ ስታደርጉ ማባዣው 72 ይመጣል። ሎጉን ካነሳችሁ በኋላ ብትደምሯት ግን በጊዜ ዜሮ 72 = 1 + «ሲ» ስለሚሆን 71 ትሆንና ሻዩ የፈለገውን ያህል ቢቆይ ከ89 ዲግሪ በታች አይወርድም! በ10 ደቂቃ 54 ከደረሰ ልዩነቱ 36፣ ግማሽ ሆኗል፤ በ20 ደቂቃ ልዩነቱ 18፣ ሻዩ 36 ዲግሪ። ወረቀቱን ከመስጠታችሁ በፊት መልሱን ዲፈረንሺዬት አድርጋችሁ ዋናው እኩልታ ውስጥ አስገቡት።