የክሬዲት ካርድ ሊሚት ጨምሩልኝ የሚባለው መቼ ነው?

አባቴ ያረፈ ጊዜ የአዲስ አበባ ትኬት የቆረጥኩት በክሬዲት ካርዴ ነበር። ሊሚቴ፣ ማለትም ካርዱ እስከዚህ ተጠቀም ብሎ የሚፈቅድልኝ ገንዘብ፣ 1,500 ዶላር፣ ትኬቱ 1,350። ከልቅሶ ስመለስ ካርዱ ላይ የቀረችኝ 150 ዶላር ናት። ደነገጥኩ። አፑን ከፈትኩና ሊሚት ይጨመርልኝ የሚለውን ተጫንኩ፤ ሳላነብ፣ ማንንም ሳልጠይቅ። ከአሥር ቀን በኋላ ደብዳቤ መጣ። ካለዎት ሊሚት አንጻር ያለብዎት ዕዳ ስለበዛ ጥያቄዎን አልተቀበልንም ይላል። በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ለካ ባንኩ ለዚያች ጥያቄ ሲል የክሬዲት ታሪኬን በሃርድ ኢንኳየሪ፣ ሪፖርት ላይ ተመዝግቦ ስኮር በሚነካ ምርመራ፣ አይቶታል። ከአራት ወር በኋላ ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ልንገዛ ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ስንጠይቅ፣ ብድሩን የሚያየው ሎን ኦፊሰር ይህቺን ኢንኳየሪ አይቶ "ሌላ ዕዳ ከፍታችኋል?" አለንና የማብራሪያ ደብዳቤ አስጻፈኝ። የአባቴን ሞት ለማላውቀው ሰው በእንግሊዝኛ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ።

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ላላችሁ ነው፤ በተለይ ከመጣችሁ ሁለት ሦስት ዓመት ለሆናችሁና በ300 ወይም በ500 ዶላር ካርድ ለጀመራችሁ። ሊሚት ማስጨመር ጥሩ ነገር ነው። ግን ቀን አለው።

መጀመሪያ ለምን እንደፈለጋችሁት እወቁ

ካርዱ ስለሞላባችሁና የምትከፍሉት ስላጣችሁ ከሆነ ተዉት። የክሬዲት ካርድ ወለድ ዛሬ በአብዛኛው ከ20 በመቶ በላይ ነው፤ ሚኒመሙን፣ ባንኩ በየወሩ የሚጠይቀውን ትንሹን ክፍያ፣ ብቻ እየከፈላችሁ ሊሚት መጨመር ዕዳውን ማስፋት ነው። ለቤተሰብ ብር ለመላክም አታስጨምሩት። ብዙ ባንኮች በክሬዲት ካርድ ሐዋላ ስትልኩ እንደ ካሽ አድቫንስ፣ ማለትም ከካርዱ ጥሬ ገንዘብ እንደ ማውጣት፣ ይቆጥሩታል። ኮሚሽን ይቆርጣሉ፣ ወለዱም ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቆጥራል።

ጥሩው ምክንያት ክሬዲት ስኮር፣ ዕዳ አያያዛችሁን የሚለካው ነጥብ፣ ነው። እኛ እቁብ ላይ ስማችን የታወቀ ነው። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው እስከ መጨረሻው ሳያጓድል እንደሚጥል ሁሉም ያውቃል። እዚህ አገር ግን ያ ታማኝነት የትም አይጻፍም። የሚጻፈው ክሬዲት ቢሮ የሚባሉት ሦስቱ ድርጅቶች፣ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን፣ ዘንድ ያለው ብቻ ነው። ፋይኮ የሚባለው ስኮር ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። 35 በመቶው በሰዓቱ መክፈላችሁን ያያል፣ 30 በመቶው ደግሞ ያለባችሁን ዕዳ። በዚህ በሁለተኛው ውስጥ ትልቁ ነገር ከሊሚታችሁ ስንት እጁን ተጠቅማችኋል የሚለው ነው። ሊሚታችሁ 2,000 ሆኖ 900 ካለባችሁ 45 በመቶ ተጠቅማችኋል። ሊሚቱ 4,000 ቢሆን ያው 900 ዶላር 22.5 በመቶ ይሆናል። አንድ ሳንቲም ሳትከፍሉ ስኮሩ ሊሻሻል የሚችለው በዚህ ነው። ብዙ ሰው ከ30 በመቶ በታች ሁኑ ይላል፤ እኔ ከ10 በታች ብትሆኑ ይሻላል ባይ ነኝ።

ቀጥሎ ክሬዲት ሪፖርታችሁን እዩ

አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ የሦስቱንም ድርጅቶች ሪፖርት በየሳምንቱ በነፃ ማየት ይቻላል። የስማችንን አጻጻፍ በደንብ ተመልከቱ። የእኛ ስም በእንግሊዝኛ አንዱ ቦታ በአንድ ዓይነት፣ ሌላው ቦታ በሌላ ዓይነት ይጻፋል፤ የአባት ስማችን ደግሞ የብዙ ሰው መጠሪያ ነው። የእናንተ ያልሆነ አካውንት ካያችሁ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

ቀኑን መምረጥ

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ስሳሳት ኖሬአለሁ።

ካርዳችሁ ሁለት ቀኖች አሉት። አንዱ ስቴትመንት፣ የወሩ ሂሳብ፣ የሚዘጋበት ቀን ነው፣ ሌላው ዱ ዴት፣ የመክፈያው የመጨረሻ ቀን። በሕግ ሂሳቡ ከተላከላችሁ በኋላ እስከ ዱ ዴቱ ቢያንስ 21 ቀን መሰጠት አለበት። የእኔ ስቴትመንት በወሩ በ12 ይዘጋል፣ ዱ ዴቱ በሚቀጥለው ወር በ7 ነው። እኔ ሁልጊዜ በ5 ወይም በ6 ሙሉውን እከፍል ነበር። ወለድ አንድም ቀን አልከፈልኩም። ታዲያ ስኮሬ ለምን አይነሳም እያልኩ እናደድ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ባንኩ ለክሬዲት ቢሮዎቹ የሚነግራቸው አብዛኛውን ጊዜ ስቴትመንቱ በተዘጋበት ቀን ያለውን ዕዳ ነው። በ12 ካርዱ ላይ 1,100 ዶላር ካለ፣ እኔ በ6 ጥርግ አድርጌ ብከፍልም ሪፖርቱ ላይ የሚታየው 1,100 ነው። ከ1,500 ሊሚት ላይ ማለት ነው። ለሚያየው ሰው ካርዴ ሁልጊዜ ሊሞላ የደረሰ ይመስላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ስቴትመንቱ ከመዘጋቱ ሦስት አራት ቀን በፊት አብዛኛውን ክፈሉ። በዋዜማው አትክፈሉ፣ ክፍያው እስኪገባ ቀን ሊወስድ ይችላል። የቀረችውን ትንሽ ዕዳ ስቴትመንቱ ከወጣ በኋላ፣ ከዱ ዴቱ በፊት ክፈሉ። ክሬዲት እንዲያድግ ዕዳ ማሳደር ያስፈልጋል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ በፍጹም አያስፈልግም፣ ትርፉ ወለድ መክፈል ብቻ ነው። ግን ካርዱን ጨርሶ አትተዉት። የማትጠቀሙበት ካርድ ላይ ሊሚት ጨምሩልኝ ብትሉ፣ ያለውንስ መቼ ተጠቀማችሁበት ብለው ሊመልሷችሁ ይችላሉ። እኔ አስቤዛና ቤንዚን በእሱ እገዛለሁ፣ ከዚያ ቀኑ ሳይደርስ እከፍላለሁ።

ትንሽ ዕዳ የሚያሳይ ስቴትመንት ከወጣ በኋላ አንድ ሳምንት ጠብቁ፣ ሪፖርቱ ላይ መግባቱን አረጋግጡና ያኔ ጠይቁ። ደግነቱ በብዙዎቹ የስኮር ዓይነቶች ላይ የሚታየው የአሁኑ ዕዳ ነው፣ ከስድስት ወር በፊት የነበረው አይደለም። እኔ ያን ጊዜ ትኬቱን ከፍዬ ሁለት ወር ብቆይ ኖሮ መልሱ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ በላይ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ካርዱ ቢያንስ ስድስት ወር ቢሞላው፣ አንድም ክፍያ ባይዘገይ፣ ገቢያችሁም ካርዱን ስታወጡ ከነበረው ቢሻል። ሥራ ሊቀየር ወይም ሊቀር ነው ብላችሁ ካሰባችሁ፣ ወይም በቅርቡ የዘገየ ክፍያ ካለባችሁ፣ ቆዩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሚቀጥሉት ስድስት ወራት ቤት ወይም መኪና በብድር ልትገዙ ካሰባችሁ አትንኩት። ሞርጌጅ ሰጪው መጀመሪያ አንዴ አይቶ ይተዋል ብላችሁ አታስቡ፣ ቁልፍ ሊያስረክቧችሁ ሲሉም ደግመው ሊያዩ ይችላሉ።

ሃርድ ነው ሶፍት?

ይህን ሳታውቁ ቁልፉን አትጫኑ። ሶፍት ኢንኳየሪ ስኮር አይነካም። ሃርዱ ሪፖርት ላይ ሁለት ዓመት ይቆያል፣ ፋይኮ የሚቆጥረው ግን 12 ወር ነው፤ ለብዙ ሰው ከአምስት ነጥብ በታች ነው የሚቀንሰው። ነጥቡ ትንሽ ነው፤ እኔን የጎዳኝ ጊዜው ነው። ካፒታል ዋን ለምሳሌ ለዚህ ጥያቄ ሶፍት ብቻ እንደሚጠቀም ድረ ገጹ ላይ ጽፏል። ሌሎቹ ይለያያሉ። የካርዱ ጀርባ ላይ ያለውን ቁጥር ደውሉና "ሊሚት ብጠይቅ ሃርድ ነው ሶፍት?" ብላችሁ ጠይቁ። እንግሊዝኛ ያስፈራኛል ካላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ወይም ልጃችሁ ስፒከር ላይ አድርጎ ያግዛችሁ። ሃርድ ነው ካሏችሁ አመስግናችሁ ዝጉት፣ አስቡበት።

ገቢን መጻፍ

እውነቱን ጻፉ። ኡበር ወይም ሊፍት የምትነዱ፣ አፑ ላይ የምታዩት ድምር ገቢያችሁ አይደለም። ቤንዚኑ፣ ኢንሹራንሱ፣ የመኪናው ወጪ አለ። ታክስ ስትሠሩ ሼዱል ሲ በሚባለው የግል ሥራ ገቢና ወጪ ቅጽ ላይ ከወጪ በኋላ የቀረውን ጻፉ። ለባንክ እያወቁ የውሸት ገቢ መስጠት የፌዴራል ወንጀል ነው፤ ሁሉም ያደርገዋል የሚላችሁን ሰው አትስሙ። በሌላ በኩል ደግሞ የሚገባችሁንም አታሳንሱ። ከ2013 ጀምሮ ዕድሜያችሁ 21 ከሞላ የባል ወይም የሚስት ገቢንም በእርግጥ የምታገኙት ከሆነ መጨመር ይቻላል። ቤት ውላ ልጅ የምታሳድግ እናት ይህን ማወቅ አለባት፤ ብዙዎቹ ዜሮ ገቢ ብለው ይጽፋሉ፣ ያሳዝነኛል።

ስንት ይጠየቅ? 1,500 ይዛችሁ 15,000 አትበሉ። እኔ እጥፍ ወይም ትንሽ ከእጥፍ በላይ በቂ ነው እላለሁ።

አንድ አቋራጭ እወዳለሁ፦ ምንም ሳትጠይቁ አፑ ላይ ገቢያችሁን ማደስ። አንዳንዴ ባንኩ ራሱ ይጨምርላችኋል። የማልወደው አቋራጭ ደግሞ "ክሬዲታችሁን እናስተካክላለን፣ ሊሚት እናስጨምራለን" እያሉ ቀብድ የሚቀበሉትን ነው። ክሬዲት ጥገና የሚሠራ ድርጅት ሥራውን ሳይጨርስ ገንዘብ እንዳይቀበል ሕጉ ይከለክላል። ደግሞም ሥራቸው እናንተ በአምስት ደቂቃ ስልክ የምትሠሩት ነው።

መልሱ ሲመጣ

እምቢ ካሏችሁ በ30 ቀን ውስጥ ምክንያቱን ወይም ምክንያቱን የመጠየቅ መብታችሁን በጽሑፍ ሊነግሯችሁ ይገባል። ደብዳቤውን አትጣሉት። የመጀመሪያዋ ምክንያት ላይ ሥሩ፣ ስድስት ወር ቆዩና ተመለሱ። በየወሩ መነዝነዝ አይጠቅምም።

እኔ ቤቱን ከተረከብን ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ጠየቅኩ። ስቴትመንቴ ላይ 60 ዶላር ብቻ ነበር፣ ደውዬ ሶፍት መሆኑን አረጋግጫለሁ፣ ገቢዬንም አድሻለሁ። ወደ 4,000 አሳደጉልኝ። አዲሱ ሊሚት ግን ሪፖርት ላይ ወዲያው አይታይም፣ የሚቀጥለው ስቴትመንት እስኪዘጋ ጠብቁ። የእኔ ሁለቱ ቢሮዎች ዘንድ በዚያው ወር ገባ፣ ሦስተኛው ዘንድ ግን አንድ ወር ዘገየ፣ ስለዚህ ሦስቱንም ከፍታችሁ እዩ።