ዋትን ወደ ዲቢኤም፣ ዲቢኤምን ወደ ዋት እንዴት እንቀይራለን?

አንድሮይድ ስልክ ካላችሁ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስለ ስልኩ የሚለውን ክፈቱ። ከሲም ካርዱ መረጃ ስር የሲግናል ጥንካሬ ታገኛላችሁ፤ ለምሳሌ -90 ዲቢኤም። ብዙ ሰው ማይነሷን ሲያይ ግራ ይገባዋል። ኃይል እንዴት ከዜሮ በታች ይወርዳል?

አይወርድም። ዲቢኤም አንድን ኃይል ከ1 ሚሊዋት ጋር የሚያወዳድር መለኪያ ነው። 0 ዲቢኤም ማለት 1 ሚሊዋት ነው። ማይነስ ካለ ከ1 ሚሊዋት ያነሰ ነው ማለት ነው፤ በቃ።

ዋት እያለ ይሄ ለምን አስፈለገ? -90 ዲቢኤም በዋት ሲጻፍ 0.000000000001 ነው። እዚህ ላይ አንዲት ዜሮ ብትዘሉ ስሌቱ በ10 እጥፍ ይሳሳታል።

መጀመሪያ ሁለት ቁጥር ያዙ። ዲቢ (ዴሲቤል) አንድ ኃይል ከሌላው በስንት እጥፍ እንደሚለይ የሚናገር መለኪያ ነው። 10 ዲቢ ሲጨመር ኃይሉ 10 እጥፍ ይሆናል። 3 ዲቢ ሲጨመር እጥፍ ይሆናል (በትክክል 1.995 ነው፣ ግን 2 ብሎ መያዝ ይበቃል)። ሲቀነስ ደግሞ በተቃራኒው ለ10 ወይም ለ2 ይካፈላል።

ከዚያ በጭንቅላት አስሉ። 37 ዲቢኤም ስንት ዋት ነው? 37 ማለት አራት ጊዜ 10 ሲደመር፣ 3 ሲቀነስ ነው። ከ1 ሚሊዋት ተነሱ፦ 10፣ 100፣ 1,000፣ 10,000። አሁን ግማሹን ውሰዱ። 5,000 ሚሊዋት፣ ማለትም 5 ዋት። የብዙ የእጅ መገናኛ ሬዲዮዎች ጉልበት ይሄው ነው። 2 ዋትስ? 1 ዋት 30 ዲቢኤም ነው፤ እጥፉ 33።

ትክክለኛው ቁጥር ሲያስፈልግ ካልኩሌተር አንሱ። ሚሊዋቱን አስገቡ፣ ሎግ የሚለውን ተጫኑ (ኤልኤን የሚለውን አይደለም)፣ በ10 አባዙ። የ25 ሎግ 1.398 ስለሆነ 25 ሚሊዋት 13.98 ዲቢኤም ይሆናል። ለመመለስ ዲቢኤሙን ለ10 አካፍሉና 10ን በዚያ ቁጥር ከፍ አድርጉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሚሊዋት ማስገባት ሲገባው ዋት በማስገባት ነው። ያኔ መልሱ በ30 ይጎድላል፤ ያገኛችሁት ከ1 ዋት ጋር የሚያወዳድረው፣ ዲቢደብልዩ የሚባለው ሌላ መለኪያ ነው። ለዚህ ነው እኔ ሁልጊዜ በጭንቅላት አስቀድሜ የምገምተው። 25 የ100 ሩብ ነው፤ 20 ሲቀነስ 3 ሲቀነስ 3፣ 14። ካልኩሌተሩ -16 ካለኝ ስህተቱ ወዲያው ይታየኛል።

የሲግናሉን መንገድ በመደመርና በመቀነስ ተከተሉ። የዲቢ ትልቁ ጥቅም እዚህ ጋ ነው። ሬዲዮው 37 ዲቢኤም ያወጣል። ኬብሉ 2 ዲቢ ይበላል። አንቴናው 5 ዲቢአይ አለው፤ ማለትም በሁሉም አቅጣጫ እኩል ከሚልክ አንቴና ጋር ሲወዳደር በዋናው አቅጣጫ በ5 ዲቢ ይበልጣል። 37 ሲቀነስ 2 ሲደመር 5፣ 40 ዲቢኤም፤ 10 ዋት። አንቴናው ግን ኃይል አልፈጠረም። ያለውን በአንድ አቅጣጫ ሰብስቦ ነው የላከው፤ በሌላው አቅጣጫ የሚደርሰው ያንሳል።

ዲቢ በዲቢኤም ላይ ይደመራል፤ ዲቢኤም በዲቢኤም ላይ ግን አይደመርም። እያንዳንዳቸው 20 ዲቢኤም የሚያወጡ ሁለት ማሰራጫዎች አንድ ላይ 40 አይሆኑም። መጀመሪያ ወደ ሚሊዋት ቀይሩ፦ 100 እና 100፣ 200። ይሄ 23 ዲቢኤም ነው። 40 ብላችሁ ብትጽፉ 200 ሚሊዋቱን 10 ዋት አደረጋችሁት።

ሁለት ዲቢኤም መቀናነስ ግን ይቻላል፤ መልሱ ዲቢ ነው። አሁን ስልካችሁን ይዛችሁ ከክፍሉ ጥግ ወደ መስኮቱ ሂዱ። -90 የነበረው -80 ከሆነ ልዩነቱ 10 ዲቢ ነው፤ ስልኩ የሚደርሰው ኃይል 10 እጥፍ አድጓል።