ደጀን ስትደርሱ ሞተሩን ቶሎ አታጥፉ
የዓባይን በረሃ ወጥታችሁ ደጀን ለምሳ ስትቆሙ ቁልፉን ወዲያው አታዙሩ። ኤሲውን አጥፉና መኪናውን ከ2 እስከ 3 ደቂቃ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጡ እየሠራ) ተዉት፤ በተለይ ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ናፍጣ ከሆነ። ሞተር ሲጠፋ በአብዛኛው መኪና የውሃውም የዘይቱም ፓምፕ አብሮ ይቆማል። ሙቀቱ ግን የትም አይሄድም። የሽሮ ድስት እሳቱ ከጠፋ በኋላም ሲንተከተክ አይታችሁ የለ? ቱርቦው ውስጥ የቀረው ዘይት እዚያው ያርርና ጥቁር ቅርፊት ሆኖ ዘንጉ ላይ ይጋገራል። የሙቀት ጌጁ ቀዩን ከነካ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያኔ ወዲያው አጥፉ።

ካጠፋችሁ በኋላ ቬንትሌተሩ ብቻውን ቢሽከረከር አትደንግጡ፤ አንዳንዱ መኪና እንዲህ ነው የተሠራው። የራዲያተሩን ክዳን ግን እስኪበርድ እንዳትነኩ! እኔ አንዴ ቸኩዬ ከፍቼ ሸሚዜን ብቻ ነው ያጣሁት፤ ዕድለኛ ነኝ።