ስለ ማውንቴን ላየን ስንከራከር የምንሳሳተው

ለኖቬምበር 2024 ምርጫ የድምፅ መስጫው ወረቀት በፖስታ ሲመጣልኝ ፕሬዚዳንቱ ላይ ብዙ አልቆየሁም። ፕሮፖዚሽን 127 በሚባለው፣ ሕዝቡ በቀጥታ ድምፅ በሚሰጥበት የሕግ ሐሳብ ላይ ግን ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ጥያቄው በኮሎራዶ ማውንቴን ላየን የሚባለውን ትልቅ የዱር ድመት፣ እንዲሁም ቦብካትና ሊንክስ የሚባሉትን አነስ ያሉ የዱር ድመቶች ማደን ይከልከል ወይ የሚል ነበር። እኔ ባለሁበት የኮሎራዶ ከተማ አውሮራ ውስጥ ቡና በተፈላ ቁጥር ወሬው እሱ ሆነ። አንዱ "አደኑ ከቀረ ልጆቻችንን ከጓሮ ይወስዳቸዋል" ይላል። ሌላዋ "ካልቀረ ዘሩ ይጠፋል" ትላለች። እገዳው በመጨረሻ ወደቀ፤ ወደ 55 በመቶ የሚሆነው መራጭ "አይሆንም" አለ። ክርክሩ ግን እስከ ዛሬ አለ፤ የምንሳሳተውም በዚያው ቦታ ነው።

አንበሳ ነው ብሎ መነሳት

እናቴ በስልክ "እዛም አንበሳ አለ እንዴ?" ብላ ደንግጣለች። ስሙ ነው ያሳሳታት። ማውንቴን ላየን፣ ኩጋር፣ ፑማ የሚባለው ሁሉ አንድ እንስሳ ነው። ፍሎሪዳ ሲደርስ ደግሞ ፓንተር ይሉታል። ጎፈር የለውም። አያገሳም፣ እንደ ቤት ድመት ያንኮራፋል። ወንዱ ከ50 እስከ 70 ኪሎ ይመዝናል። ጠባዩን ለማወቅ የሚፈልግ የኛን ነብር ያስብ፦ ብቻውን ይኖራል፣ አድብቶ ይይዛል፣ ሰው ሳያየው ሰውን አይቶ ይሄዳል።

"እገዳ" ሲባል ሁሉም ቦታ አንድ ይመስለናል

ካሊፎርኒያ በአንድ ወቅት ላየን ለገደለ ሰው ገንዘብ ትከፍል ነበር። ከ1907 እስከ 1963 በዚህ መንገድ ከ12 ሺህ በላይ ተገድለዋል። ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። በ1971 አገረ ገዢው ሮናልድ ሬገን አደኑን ለጊዜው የሚያቆም ሕግ ፈረመ። በ1990 ደግሞ ሕዝቡ ፕሮፖዚሽን 117ን አጽድቆ ለስፖርት ማደንን ከለከለ፤ ለዱር መሬት ግዢና ጥበቃም በዓመት 30 ሚሊዮን ዶላር እንዲመደብ አደረገ። ታዲያ እዚያ ላየን አይገደልም ማለት ነው? አይደለም። ፍየሉ የተበላበት ሰው ለመንግሥት አመልክቶ ያንን እንስሳ የመግደል ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል። የሰው ሕይወት ላይ አደጋ ከመጣም ባለሥልጣኑ ይገድላል።

ኦሪገን በ1994፣ ዋሽንግተን በ1996 የከለከሉት አደኑን ሳይሆን በውሻ ማሳደዱን ነው። ዩታ በ2023 ዓመቱን ሙሉ ፈቅዳለች። ቴክሳስ ውስጥ ስንት መግደል እንደሚቻል ገደብ የለም። ስለዚህ አንዱ "ተከልክሎ ምን መጣ?" ሲል መጀመሪያ "የት? ምኑ ተከልክሎ?" ብላችሁ ጠይቁት። ግማሹ ጭቅጭቅ እዚያው ያልቃል።

አዳኙን የጓሮ ዘበኛ ማድረግ

ትልቁ ስህተት የጫካውን አደን ከጓሯችን ደኅንነት ጋር ማያያዝ ነው፤ ሁለቱም ወገን ይሠራዋል።

ኮሎራዶ ውስጥ አደኑ እንዴት እንደሚካሄድ አስቡት። ክረምት ነው፣ በረዶ ጥሏል። አዳኙ ማለዳ በጫካ መንገድ እየነዳ ዱካ ይፈልጋል። የላየን ዱካ ክብ ነው፤ ጥፍሩን ስለሚሰበስብ የጥፍር ምልክት አይታይበትም። ዱካው ትኩስ ከሆነ ውሾቹን ይለቃል። ውሾቹ አሳድደው ዛፍ ላይ ያወጡታል። አዳኙ ሥር ቆሞ ወንድ ይሁን ሴት ያያል፤ ግልገል ያላትን እናት መግደል ክልክል ነው። ከዚያ ይተኩሳል ወይም ትቶት ይሄዳል። በዓመት ወደ 500 የሚሆኑ እንዲህ ይገደላሉ። ሥጋውንም መተው አይፈቀድም፣ ለምግብ መውሰድ ግዴታ ነው። "ለጭንቅላቱና ለቆዳው ብቻ ነው የሚገድሉት" የሚለው ወሬ ስለዚህ ሙሉ እውነት አይደለም።

አሁን ይህ አዳኝ የእናንተ ሰፈር ውስጥ ውሻ ለቆ ሲተኩስ ይታያችኋል? አይታይም። ጓሮ የሚገባው ብዙ ጊዜ ከእናቱ የተለየ፣ ግዛት ያልያዘ ጎረምሳ ነው። ትልልቆቹ ያባርሩታል፣ እሱም የሰው ሰፈር ዳር ዳሩን ይሄዳል። ጫካ ውስጥ አንድ ትልቅ ወንድ ሲገደል ቦታውን ሊይዝ የሚመጣውም እንደዚሁ ያለ ጎረምሳ ነው።

ካሊፎርኒያ ሃምሳ ዓመት ያለ አደን ኖራለች። ማርች 2024 ኤልዶራዶ ካውንቲ ውስጥ ላየን ሁለት ወንድማማቾችን አጥቅቶ አንዱን ገደለ። ከ2004 ወዲህ በክፍለ ግዛቱ የመጀመሪያው ሞት ነበር፤ በመካከሉ 20 ዓመት አለ። በመላው ሰሜን አሜሪካ ከመቶ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ የሞተው ሰው ወደ 30 ገደማ ነው። እርግጥ ኤልዶራዶ ላሉ ሰዎች ይህን ቁጥር መቁጠር ማጽናኛ አይሆንም። "ላየኑ በውሻ ቢባረር ሰውን ይፈራ ነበር" ሲሉም ከሜዳ ተነስተው አይደለም፤ ዶሯቸውንና በጋቸውን የሚያጡት እነሱ ናቸው። ውሻ ለቆ ማባረርና ለስፖርት ማደን ግን ለየብቻ የሚታዩ ጉዳዮች ናቸው።

ሕጉን እየረገሙ በረቱን ክፍት መተው

ከኮሎራዶዋ ጎልደን ከተማ በላይ ተራራው ሥር የሚኖር አንድ ወዳጅ አለኝ። ለፋሲካ ብሎ አራት ፍየል ገዝቶ አስቀመጠ። አጥሩ ትከሻ ድረስ ይደርሳል፣ ጣሪያ ግን የለውም። ሌሊት ሦስቱ አለቁ። ላየን በጠባብ በረት ውስጥ የሚተራመስ ነገር ሲያይ ከሚበላው በላይ ይገድላል። ወዳጄ ጠዋት ደውሎ ስለ ምርጫው፣ ስለ ከተሜው፣ ስለ ፖለቲከኛው ያልሰደበው አልነበረም።

የበር ካሜራውን አብረን ከፈትን። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ረጅም ጭራ ያለው ጥላ ያልፋል። ወደ ኋላ መለስነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ሦስት አጋዘኖች መጥተው የወደቀ ፖም ሲለቅሙ ነበር። "እነሱን ማነው የጠራቸው?" አልኩት። ሳቀና "ልጆቹ ደስ ስለሚላቸው በቆሎ እበትንላቸዋለሁ" አለ። የሐረር የጅብ ምገባ ልምድ እዚህ አያዋጣም! አጋዘን መመገብ በኮሎራዶም በካሊፎርኒያም በሕግ የተከለከለ ነው። አጋዘን ባለበት ላየን አለ፤ ዋና ቀለቡ እሷው ናት። አሁን በረቱ የብረት መረብ ጣሪያ አለው፤ ፍየሎቹም ሳይመሽ ይገባሉ።

ጥይቱን ብቻ ማየት

ይሄ የ"ይከልከል" ባዮች ስህተት ነው። ሎስ አንጀለስ ፒ-22 የሚባል ላየን ነበራት። 405 እና 101 የሚባሉትን አውራ ጎዳናዎች ተሻግሮ ግሪፊዝ ፓርክ ገባ፤ ከሊትል ኢትዮጵያ በመኪና ብዙ አይርቅም። ወንድ ላየን መቶዎች ስኩዌር ኪሎሜትር የሚፈልግ ሆኖ ሳለ እሱ 20 ገደማ በምትሆን ቦታ አሥር ዓመት ኖረ። አደን በተከለከለበት አገር ምን ጎዳው? በ2014 የአይጥ መርዝ ከሰውነቱ ተገኘ፣ ቆዳውም በእከክ ተበልቶ ነበር። በ2022 መጨረሻ መኪና የገጨው ይመስል ነበር፤ በዚያ ላይ ታሞና አርጅቶ ስለነበር በሐኪም እጅ እንዲሞት ተደረገ። አሁን አጉራ ሂልስ ላይ በ101 አናት፣ አሥር መስመር መኪና በሚያልፍበት ላይ፣ ለእንስሳት መሻገሪያ ድልድይ እየተሠራ ነው። እንስሳውን የሚወድ ሰው ስለ አዳኝ ከሚጮኸው ግማሹን ስለ አይጥ መርዝ ቢጮህ ጥሩ ነበር።

መሮጥ

"ነብር አየኝ በል" የሚለው አባባል እዚህ ቃል በቃል ይሠራል፦ ቀድሞ የሚያያችሁ እሱ ነው። ካያችሁት አትሩጡ፤ የሚሮጥ ነገር ለሱ አጋዘን ነው። አታጎንብሱ። ትንሽ ልጅ ካለ ጀርባ ሳትሰጡ ቶሎ አንሱት። ጃኬታችሁን በሁለት እጅ ዘርግታችሁ ትልቅ ምሰሉ፣ ጩኹ፣ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፤ ማምለጫ መንገዱንም አትዝጉበት። ቢይዛችሁ ግን ሞቶ መምሰል አያድንም። በዱላም በድንጋይም በቡጢም ታገሉት። በቅጠልና በአፈር የተሸፈነ የሞተ አጋዘን መንገድ ዳር ካገኛችሁ ደግሞ ፎቶ ለማንሳት አትጠጉ። ምሳውን ሸሽጎ ነው የሄደው፤ ይመለሳል።