ከከተማ ወጣ ብሎ ማብሰል፦ እሳቱ ሲያስቸግር ምን እናድርግ?

እንጦጦ አናት ላይ፣ በሱሉልታ ወይም በመናገሻ ሱባ በኩል እሁድን ሥጋ ጠብሰን፣ ቡና አፍልተን መመለስ የምንወድ ብዙ ነን። እኔም ልጆቼን ይዤ ስወጣ ዓመታት ሆኖኛል። አብዛኛው ችግር ክብሪቱ ከመጫሩ በፊት፣ እንጨትና ቦታ ስንመርጥ የሚፈጠር ነው። ጫካ ውስጥ እሳት የማይፈቀድበት ቦታ ስላለ መጀመሪያ ጥበቃውን ጠይቁ። ካልተፈቀደ ምግቡን ቤት አብስሎ መውጣት ነው።

ጭሱ ያስለቅሳል፣ እሳቱ አልያያዝ ይላል

እንጨቱ እርጥብ ነው። የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ከላይ የደረቀ መስሎ ውስጡ ውሃ ይይዛል። ስትሰብሩት ቀጭ ካላለና ከተለመጠ ተዉት። ክብሪት እንጨት የሚያካክል ጭራሮ አስቀድሙ፣ ከዚያ እርሳስ የሚያህል፣ ፍልጡን መጨረሻ ላይ። ከሥሩ አየር እንዲገባ ክፍተት ተዉለት። ላምባ ወይም ቤንዚን በፍጹም አትጨምሩ፤ ነበልባሉ ተኑን ተከትሎ እጃችሁ ላይ ወዳለው ጀሪካን ይመጣል። ፌስታል ማቀጣጠያ አይደለም፣ ጭሱ መርዝ ነው።

ሥጋው ከላይ አርሮ ውስጡ ጥሬ ነው

ይህ የትዕግስት ጉዳይ ነው። ሰው ርቦት ነበልባሉ ላይ ይጥደዋል። ነበልባል ያሳርራል፣ የሚያበስለው ፍም ነው። እንጨቱ ነድዶ፣ ቀይ ፍም ሆኖ፣ ላዩ ስስ ነጭ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ። ከዚያ መዳፋችሁን ሥጋው በሚቀመጥበት ከፍታ ላይ ዘርግታችሁ ቀስ እያላችሁ ቁጠሩ። ሁለት ሳትሉ እጃችሁን ከሳባችሁ ገና ኃይለኛ ነው። እስከ አራት አምስት ከቻላችሁ ለጥብስ ደርሷል። ፍሙን ወደ አንድ ወገን ሰብስቡ፤ ጮማው ጠብ ብሎ እሳቱ ሲነሳ ሥጋውን ወደ ባዶው ጎን ማሸሽ ትችላላችሁ። ዶሮ ከሆነ አጥንቱ ጋ ቆርጣችሁ እዩ። ሮዝ ከሆነ መልሱት፤ ዶሮ ውስጡ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ጥሬ ሥጋ የተቆረጠበትን ቢላዋና ሰሃን ሳታጥቡ ለበሰለው አትጠቀሙ።

ውሃው ይንተከተካል፣ ምስሩ ግን አልበስል ይላል

የጥፋቱ ምንጭ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ3,000 ይበልጣል። እዚያ ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። እሳት ብትጨምሩ እንፋሎት እንጂ ሙቀት አይጨምርም። ክዳን ግጠሙበት፣ ምስሩን ማታ ዘፍዝፉት፣ ጊዜም ስጡት። የምንጭ ውሃ ለመጠጥ ስታፈሉ ደግሞ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

ጉልቻው ተሰነጠቀ ወይም ፈነዳ

አንድ ጊዜ ከወንዝ ዳር ሦስት ለስላሳ ድንጋይ አንስቼ ድስት ጣድኩ። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ አንዱ ጧ ብሎ ተፈነከተ፤ ስንጣሪው የልጄን ጫማ መትቶ አለፈ። ድንጋዩ የጠጣው ውሃ ወደ እንፋሎት ሲቀየር መውጫ ያጣል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ከወንዝና ከረግረግ አጠገብ ያለ ድንጋይ ጉልቻ አይሆንም። ደረቅ ሜዳ ላይ የከረመ አንሱ።

ድንኳን ውስጥ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ሌሊቱ ሲበርድ «ጭስ የለውም» ተብሎ ፍም ወይም ከሰል ወደ ድንኳን ይገባል። ፍም ግን ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አንዱ ራሱን ሲያመው ሌላው ሲያዞረው፣ አብረው እንቅልፍ ሲጫጫናቸው፣ ምግቡ አይደለም። ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ፣ እንዲተኙ አትፍቀዱ፣ 907 ደውላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ። በሩን ገርበብ ማድረግ አያድንም። ለብርዱ ጋቢ ይብቃችሁ።

ፍንጣሪው ሣሩ ላይ ያርፋል

ነፋስ አለ፣ ወይም ምድጃው ባህር ዛፍ ሥር ነው። ቅጠሉ ዘይት አለው፣ የተላጠው ልጡ እየነደደ ርቆ ይበራል። ከዛፍ ራቁ፣ ዙሪያውን ሁለት ሜትር ያህል አፈሩ እስኪታይ ጥረጉ። በበጋ ከሰዓት ነፋሱ ካየለ አታንድዱ። እሳቱ ካመለጣችሁ ሰዎቹን አሽሹ፣ 939 ለእሳት አደጋ ደውሉ።

ተቃጠልን

ቀለበትና አምባር ቶሎ አውልቁ። ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል አትቀቡ፤ ሙቀቱን ያፍናሉ፣ ቁስሉንም ያመረቅዛሉ። ፊት፣ እጅ ወይም መገጣጠሚያ ከሆነ፣ ከመዳፍም ከሰፋ፣ በቀጥታ ጤና ጣቢያ።

አጥፍተን ሄድን፣ ጭስ ተመልሶ ወጣ

አፈር አልብሰን ስለሄድን ነው። አፈር ፍሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም፣ ሥር ሥሩን እየበላ ይቆያል። ውሃ አፍስሱ፣ በእንጨት አማስሉ፣ እንደገና አፍስሱ። የእጃችሁን ጀርባ አመዱ ላይ አስጠጉ፤ ሙቀት ከተሰማችሁ አንድ ጀሪካን ይቀራል።